ዋይፋዬን ደበቅኩት፣ አሁን እኔም አጣሁት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህት አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። ኢንተርኔቱ ማታ ማታ ሲንቀራፈፍባት «ጎረቤት እየተጠቀመብኝ ነው» ብላ ጠረጠረች። አንድ ሰው «የዋይፋዩን ስም ደብቂው፣ ማንም አያየውም» አላት። ደበቀችው። ከዚያ ወዲህ የራሷ ሳምሰንግ አይገባም። ቲቪው ኔትዎርኩን አያገኘውም። የባለቤቷ አይፎን ስሙን በእጅ ጽፈው ገብቷል፣ ግን ስለ ግላዊነት ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ «ሂደን ኔትዎርክ» የሚል ነገር ሁለት ቦታ ይታያል። ኢንተርኔቱም አልፈጠነም። «ራውተሩን ሪሴት ላድርገው ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ሪሴት አታድርጊው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፣ መጀመሪያ ግን እጅሽን ከዚያች ትንሽ የሪሴት ቀዳዳ ላይ አንሺ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሪሴት ስታደርጊ ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ወዳለው ይመለሳል፣ እሱስ ባልከፋ። ነገር ግን መስመሩ ሲገባልሽ ቴክኒሺያኑ ውስጥ የሞላው የኢንተርኔት ዩዘርኔምና ፓስወርድም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያ ከጠፋ ዋይፋዩ ስሙ እየታየ፣ ስልክሽም ገብቶ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ከዚያ ወደ አቅራቢው መደወል፣ ቁጥር መጠበቅ፣ ምናልባትም ሰው እስኪመጣ ቀናት መቁጠር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ያለች አንዲት ምልክት ለማንሳት ብለው ቅዳሜና እሁዳቸውን ያለ ኢንተርኔት ያሳለፉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ሪሴት የመጨረሻው መንገድ ነው፣ አንቺ ደግሞ ገና መጀመሪያው ላይ ነሽ።

ደግሞ መግቢያው በእጅሽ አለ። የባለቤትሽ አይፎን ገብቷል ብለሽ የለ? በቃ፣ በሱ ነው የምንሠራው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ምን እንደተፈጠረ ብትረጂው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የገረመሽ ነገር ሁሉ ከአንድ ምንጭ ነው የመጣው።

ራውተርሽ በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ «እዚህ ነኝ» እያለ አጭር መልእክት በአየር ላይ ይለቃል። ቢከን ይባላል። መልእክቱ ውስጥ የኔትዎርኩ ስም የሚቀመጥበት ቦታ አለ፣ ኤስኤስአይዲ የሚሉት እሱን ነው። ስልክሽ ዋይፋይ ስትከፍቺ የሚደረድርልሽ ዝርዝር ከነዚህ መልእክቶች የተሰበሰበ ነው። አሁን ስሙን ስትደብቂው ራውተሩ ዝም የሚል ይመስልሻል፣ ሁሉም ሰው የሚመስለው እንደዚያ ነው። ዝም አይልም። ያንኑ መልእክት በዚያው ፍጥነት መልቀቁን ይቀጥላል፣ የስሙን ቦታ ብቻ ባዶ ያደርገዋል። ላፕቶፕሽ ላይ «ሂደን ኔትዎርክ» የሚለው ከየት መጣ ብለሽ ነበር፣ ከዚህ ነው። ዊንዶውስ «እዚህ አንድ ራውተር አለ፣ ስሙን ግን አልነገረኝም» እያለሽ ነው። ጎረቤትሽም ላፕቶፑን ሲከፍት ያንኑ ያያል።

ስልክሽ ለምን ጠፋበት? ይሄ ዋናው ነገር ነው። ስልክ የሚያውቀውን ኔትዎርክ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አየሩን እያዳመጠ ስሙን ሲሰማ መግባት ነው። ሁለተኛው ራሱ «እከሌ አለህ ወይ?» ብሎ በስም መጣራት ነው። አንድሮይድ ስልክ በስም የሚጣራው ኔትዎርኩ «የተደበቀ» ተብሎ ሲመዘገብ ብቻ ነው። የአንቺ ሳምሰንግ ቤትሽን የመዘገበው ስሙ ይታይ በነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እስካሁን ስሙን እስኪሰማ እየጠበቀ ነው። ራውተሩ ስሙን አይናገርም፣ ስልኩም አይጠራም። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አይገናኙም። የስልክሽ ብልሽት አይደለም፣ ራውተሩም አልተበላሸም።

አይፎኑ ላይ ደግሞ የኔትዎርኩን ስም በእጅ ስለጻፋችሁት «የተደበቀ ነው» ብሎ መዝግቦታል፣ ስለዚህ ይጣራል። ማስጠንቀቂያውም የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በስም የሚጣራ ስልክ ቤት ብቻ አይደለም የሚጣራው። ታክሲ ውስጥ፣ ቦሌ ካፌ ውስጥ፣ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ሆኖም «የነ እከሌ ቤት አለህ ወይ?» እያለ ሊጣራ ይችላል። ያን ጥሪ በቀላል ሶፍትዌር መስማት የሚችል ሰው የቤትሽን ዋይፋይ ስም ከኪስሽ ያነበዋል ማለት ነው። ስሙ የባለቤትሽ ስም ወይም የብሎክና የቤት ቁጥር ከሆነ ደግሞ አስቢው። አፕል ራሱ ለቤት ራውተር ስም መደበቅን አይመክርም። ለመሰወር ብለሽ ያደረግሽው ነገር ስልካችሁን በየመንገዱ የሚናገር አድርጎታል። ባትሪም ይበላል፣ ጥቂት ቢሆንም።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ጭንቀትሽ እሱ ነው። ጎረቤትሽ ዋይፋይሽን ይጠቀም ከነበረ ፓስወርድሽን ያውቃል። ሌላ መግቢያ የለውም ማለት ይቻላል። ምናልባት አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ተመልሶ፣ ኔትዎርኩ ተቋርጦበት፣ ልጁ መጥቶ ጠይቆሽ ሰጥተሽው ይሆናል። እኛ አገር ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ፓስወርድም እንዲሁ ነው የሚሰጠው፣ ነውር የለበትም። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ስሙንም ያውቀዋል። ስሙ ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። አንቺ ብትደብቂውም እሱ «የተደበቀ» ብሎ እንደገና ከመዘገበው ይገባል። አንቺ ሦስት ቀን ስትቸገሪ እሱ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።

የማያውቀውስ ሰው? ስሙ የተደበቀው ከቢከኑ ብቻ ነው። የባለቤትሽ አይፎን በገባ ቁጥር ስሙን ጠርቶ፣ ራውተሩም ስሙን መልሶ ነው የሚገናኙት። ይህ ንግግር የሚካሄደው ቁልፍ ከመደረጉ በፊት ስለሆነ በግልጽ ነው የሚያልፈው። ዳብሊውፒኤ2 የሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ የምትልኪውንና የምትቀበይውን ነው እንጂ ስሙን አይደለም። ለማዳመጥ የተዘጋጀ ሰው አንድ ስልክ እስኪገባ መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስም መደበቅ በር ላይ ያለውን የቤት ቁጥር መፋቅ ነው። በሩን የሚዘጋው ፓስወርዱ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ግልጽ ነው። ስሙን አውጪው፣ ፓስወርዱን ቀይሪው። በዚህ ላይ አልወላውልም።

እንዴት? የባለቤትሽን አይፎን ያዢ። ሴቲንግ፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ ከኔትዎርኩ ስም አጠገብ ያለችውን ክብ «አይ» ንኪ። ወደ ታች ስትወርጂ «ራውተር» የሚል መስመር ታገኛለሽ፣ ፊት ለፊቱ ቁጥር አለ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ብዙ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች ላይ 192.168.100.1 ነው፣ አንዳንዱ ላይ 192.168.0.1 ነው። ሰው የነገረሽን ሳይሆን ስልኩ ያሳየሽን ቁጥር ውሰጂ። ሳፋሪ ከፍተሽ ከላይ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ቁጥሩን ብቻ ጻፊ። ገጹ ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ፣ «ይህ ድረገጽ አስተማማኝ አይደለም» ቢልም አትደንግጪ፣ የራስሽ ራውተር ነው፣ ዝርዝሩን ከፍተሽ ቀጥይ።

ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቅሻል። ይሄ የዋይፋይ ፓስወርድ አይደለም፣ የራውተሩ የራሱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ራውተሩን ገልብጠሽ ከሥሩ ያለውን ወረቀት እዪ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ለየብቻ ተጽፈዋል። ስሙን ስትደብቂ አንዴ ገብተሽ ስለነበር የትኛውን እንደተጠቀምሽ አስታውሺ።

ከገባሽ በኋላ «ደብሊውላን» ወይም «ዋየርለስ» የሚለውን ፈልጊ። እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቂ። አንዳንዱ ራውተር «ብሮድካስት ኤስኤስአይዲ» ይላል፣ ስሙን አሰማ ማለት ነው። አጠገቡ ባለችው ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክቱ መኖር አለበት። ሌላው «ሃይድ ኤስኤስአይዲ» ይላል፣ ስሙን ደብቅ ማለት ነው። እዚያ ላይ ምልክቱ መነሳት አለበት። አንድ ዓይነት ሳጥን፣ ተቃራኒ ትርጉም። ሳያውቁት የደበቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፣ «ምልክት ያለበት ሁሉ ይጥፋ» ብለው ያነሱታል። ቃሉን አንብበሽ ወስኚ።

ራውተርሽ ሁለት «ባንድ» (የሞገድ ክልል) ካለው ደግሞ ይህ ሳጥን ሁለት ቦታ ነው ያለው፣ አንዱ ለ2.4 ጊጋኸርዝ፣ አንዱ ለ5 ጊጋኸርዝ። ሁለቱንም እዪ። ላፕቶፕሽ ላይ «ሂደን ኔትዎርክ» ሁለት ጊዜ የታየሽ ምናልባት በዚህ ነው፣ ሁለቱንም ደብቀሻቸው ይሆናል። ወይም አንዱ የጎረቤት ነው። ማወቅ ከፈለግሽ ቀላል ነው፣ ራውተሩን ከሶኬት ነቅለሽ ሁለት ደቂቃ ጠብቂና ዝርዝሩን እንደገና እዪ። የጠፋው የአንቺ ነው። የቀረው የአንቺ አይደለም፣ ተዪው።

ስሙን ካወጣሽ በኋላ ሴቭ አድርጊና ስልኮቹ ላይ መታየቱን አረጋግጪ። ከዚያ ነው ፓስወርዱን የምትቀይሪው። ሁለቱን ባንዴ አታድርጊ፣ አንዱ ቢሳሳት የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ፓስወርዱን የቀየርሽ ቅጽበት አይፎኑ ይወጣል፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ በአዲሱ ፓስወርድ መልሰሽ አስገቢው።

ፓስወርድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ቤትሽ የሚዘጋው ወይም የሚከፈተው። ስልክ ቁጥር አታድርጊ። እባክሽ። የኛ አገር የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ነው የሚጀምረው። 09 ካልን በኋላ የሚቀሩት 8 አኃዞች ናቸው፣ ሁሉም ተደምረው 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ለሰው ብዙ ነው። ለጌም የሚሆን ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር ግን ምንም አይደለም፣ በሰከንድ መቶ ሺዎችን ስለሚሞክር በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ደግሞ ይህን የሚያደርገው በርሽ ላይ ቆሞ እየሞከረ አይደለም። አንድ ስልክሽ ሲገባ የሚለዋወጠውን ቀድቶ ቤቱ ወስዶ ነው። ራውተርሽ እንኳ አያውቅም።

ዳብሊውፒኤ2 ከ8 እስከ 63 የሚደርስ ፊደል ይቀበላል። የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ የአማርኛ ፊደል እዚህ አያስኬድም። የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ጻፊ። ድስት፣ ሐሙስ፣ ዝንጀሮ፣ መሰላል ዓይነት ነገር፣ የራስሽን ምረጪ። ለማስታወስ ቀላል ነው፣ ለመገመት ከባድ ነው። ከተረት ወይም ከመዝሙር የታወቀ አረፍተ ነገር አትውሰጂ። የደኅንነት ዓይነቱ ላይ ዳብሊውፒኤ2 ወይም ራውተሩ ካለው ዳብሊውፒኤ3 ይሁን። ሁለቱን የሚያቀላቅል ምርጫ ካለ ለድሮ ዕቃዎች እሱ ይሻላል። «ዌፕ» የሚል ካየሽ ሽሺው፣ ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ነገር ነው።

ስሙንም ቀይሪው፣ ፋብሪካው የሰጠውን አትተዪ። ስሙ ፓስወርዱ ወደ ቁልፍ ሲቀየር በስሌቱ ውስጥ ይገባል። የተለመደ ስም ከሆነ አስቀድሞ የተሠላ የግምት ሰንጠረዥ ሊኖር ይችላል፣ ያልተለመደ ስም ያን ከንቱ ያደርገዋል። ማለትም ስሙ ለደኅንነት የሚጠቅመው ሲደበቅ ሳይሆን ለየት ሲል ነው። የሰው ስምና የቤት ቁጥር ብቻ አይኑርበት።

ስም በአማርኛ ፊደል ማድረግ ይቻላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ይቻላል፣ ደስም ይላል፣ ብዙ ራውተሮች ይቀበሉታል። ሁለት ነገር ግን እወቂ። ስሙ የሚይዘው 32 ባይት ነው፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 10 ፊደል ላይ ያልቃል። ሁለተኛው የሚያስለቅሰው ነው። አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፣ ስሙ በአማርኛ ነበር፣ ተደብቋልም። ልጁ ስሙን በትክክል እየጻፈ አልገባ አለው። ግማሽ ሰዓት ከፈጀብን በኋላ ራውተሩን በኬብል ከፍተን ስናየው አባትየው «ፀሐይ» ብለው ነው የጻፉት፣ ልጁ «ጸሃይ» እያለ ነው። ለኛ አንድ ነው፣ ሲነበብም አንድ ነው። ለራውተር ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሃ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስሙ የሚታይ ቢሆን ኖሮ መንካት ብቻ ነበር የሚፈለገው።

በላቲን ቢሆንም ያው ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል ሳይጠይቅሽ ትልቅ ያደርገዋል፣ ቃል ሲሞላልሽ ደግሞ መጨረሻ ላይ የማትታይ ክፍት ቦታ ይጨምራል። የተደበቀ ኔትዎርክ አልገባ ሲል መጀመሪያ የምፈትሸው እነዚህን ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ሳምሰንግሽ ላይ የድሮውን ምዝገባ «ፎርጌት» አድርጊውና ስሙን ከዝርዝሩ ነክተሽ በአዲሱ ፓስወርድ ግቢ። አይፎኑ ላይም የግድ «ፎርጌት» አድርጊው፣ ይሄን አትዝለይው። ራውተሩ ስሙን መልሶ ቢያሳይም የድሮው ምዝገባ «የተደበቀ ነው» እያለ ስለሚቆይ ስልኩ መጣራቱን ሊቀጥል ይችላል። አጥፍቶ ከዝርዝሩ እንደ አዲስ መግባት ያን ያጸዳዋል። ላፕቶፑም እንደዚሁ።

ቲቪው ስሙ ሲወጣ ራሱ ያገኘዋል ብዬ እጠብቃለሁ። ብዙ ቲቪዎች፣ ፕሪንተሮችና በዋይፋይ የሚሠሩ ካሜራዎች ስም በእጅ የሚጻፍበት ቦታ ወይ የላቸውም ወይ ሜኑ ውስጥ ሩቅ ቀብረውታል። ቲቪው አሁንም ካላገኘው 2.4 ጊጋኸርዙ መከፈቱን እዪ፣ ርካሽና የቆዩ ዕቃዎች 5ቱን አያዩም። ደግሞ አንድ በተን ተጭኖ የሚገናኝበት ዳብሊውፒኤስ የሚባለው ነገር በብዙ ራውተሮች ላይ ስም ሲደበቅ አብሮ ይዘጋል። ፕሪንተር «ድሮ በበተን ይገባ ነበር፣ አሁን እምቢ አለ» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው የገጠማቸው።

ማታ ማታ መንቀራፈፉን ደግሞ እንዳንረሳው፣ ከሱ ነው የተነሳሽው። ፓስወርዱን ቀይረሽ ሌሎቹን ካስወጣሽ በኋላ ቀርቶ እንደሆነ ሁለት ሦስት ማታ እዪው። ካልቀረ ጎረቤት አይደለም፣ ወይም የሱ ጥፋት አይደለም። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኚና በዚያው ሰዓት ሞክሪው። በኬብልም ከተንቀራፈፈ ችግሩ መስመሩ ጋ ነው፣ ዋይፋይሽን ብትነኪ ብትለቂ ለውጥ የለውም፣ አቅራቢውን ነው የምታናግሪው። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ብቻ ከተንቀራፈፈ ብዙ ጊዜ የአየሩ መጨናነቅ ነው። ኮንዶሚኒየም ማለት ላይ ታች ግራ ቀኝ ራውተር ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ቤት ሦስቱን ይካፈላል። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት ምን እንደሚሆን ገምቺ። የተደበቀ ኔትዎርክም ከዚህ ነፃ አይደለም፣ ያንኑ አየር ነው የሚጠቀመው። መድኃኒቱ ስልኩና ላፕቶፑ የሚችሉ ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ነው። የኮንክሪት ግድግዳ ብዙም አያልፍም፣ ሳሎን ውስጥ ግን በጣም ይሻላል።

ለጎረቤትሽ መስጠት ከፈለግሽስ? መስጠት መልካም ነው፣ እኔ አልከለክልሽም። ራውተሩ «ጌስት» የሚባል ሁለተኛ ኔትዎርክ ካለው እሱን ክፈቺላቸው፣ የራሱ ስምና የራሱ ፓስወርድ ይኑረው። የቤትሽን ፕሪንተርና ካሜራ አያዩም፣ ሲበቃሽም ያንን ብቻ ዘግተሽ የቤቱን ዕቃ ሳትነኪ ትገላገያለሽ። አንዳንዱ ላይ የፍጥነት ወሰንም ማድረግ ይቻላል።

ምናልባት አንድ ሰው «ማክ ፊልተር አድርጊ» ይልሽ ይሆናል፣ ዕቃዎችን በመለያ ቁጥራቸው (በማክ አድሬሳቸው) እየለዩ መፍቀድና መከልከል ማለት ነው። አትግቢበት። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየኔትዎርኩ የተፈጠረ ማክ አድሬስ ያሳያሉ። የከለከልሽው ሰው ኔትዎርኩን አጥፍቶ በሌላ አድሬስ ሊመለስ ይችላል፣ የፈቀድሽለት የራስሽ ስልክ ደግሞ አንድ ቀን አድሬሱ ተቀይሮ ደጅ ይቀራል። ሌላ ሦስት ቀን መቸገር ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሽ በኋላም በራስሽ ምክንያት ስሙ ተደብቆ ይቆይ ካልሽ መብትሽ ነው፣ እንዲሠራ አድርገሽ ደብቂው። ሳምሰንጉ ላይ የድሮውን «ፎርጌት» አድርጊ፣ ዋይፋይ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «አድ ኔትዎርክ» የሚለውን ንኪ። ስሙን ጻፊ። የደኅንነት ዓይነቱ ብዙ ጊዜ «ክፍት» ወይም «ምንም» ላይ ነው የሚቆመው፣ ወደ ዳብሊውፒኤ2 ቀይሪው፣ ካልቀየርሽው መቼም አይገባም። ከዚያ «አድቫንስድ» ወይም «ቪው ሞር» የሚለውን ክፈቺና «ሂደን ኔትዎርክ» የሚል ካለ አዎ በይው። ዊንዶውስ ላይ ኔትዎርኩን ስትጨምሪ «ስሙን ባያሰማም ተገናኝ» የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክት አድርጊበት። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ባለው ውስጥ አድርጊው። ከ52 እስከ 144 ባሉት ቻናሎች ላይ ራዳር ስለሚሠራ ስልኮች አስቀድመው መጣራት አይፈቀድላቸውም፣ ዝም ብለው ማዳመጥ አለባቸው። ስሙን የማይናገር ራውተርና መጣራት የተከለከለ ስልክ እዚያ ሲገናኙ አንዳንዴ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሆንም። ይሄን ሳያውቁ ራውተር የለወጡ አሉ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ ስሙን ማንም ሳይደብቀው የጠፋባችሁ ካላችሁ። አንድ ስልክ ላይ ብቻ ከጠፋ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ወይም 2.4ቱ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ እንዳልሄደ እዩ። ከአሜሪካ የመጡ ስልኮችና ላፕቶፖች ብዙዎቹ እነዚያን ሁለት ቻናሎች አያዩም። ዘመድ የላከላችሁ ላፕቶፕ ብቻውን ዋይፋዩን ካጣ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ፣ ቻናሉን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ስትመልሱት ይታያል። ሁሉም ላይ ከጠፋ ደግሞ ከራውተሩ ጎን ያለችውን የዋይፋይ በተን ልጅ ነክቷት ይሆናል።

እህቴ፣ ሳጥኑን ሜኑው ውስጥ ካጣሽው ከራውተሩ ሥር ያለውን የሞዴል ቁጥር ጻፊልኝ፣ የት እንዳለ እነግርሻለሁ። ፎቶ ካነሳሽ ግን ከመላክሽ በፊት ፓስወርዶቹንና ሴሪያል ቁጥሩን በወረቀት ሸፍኚያቸው። አይፎኑ እምቢ ካለ ደግሞ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጀርባ ካሉት የላን ቀዳዳዎች በአንዱ ሰክተሽ ያንኑ ቁጥር በብሮውዘር ክፈቺው፣ በኬብል ስትገቢ የዋይፋይ ስምም ፓስወርድም አይጠይቅሽም።